ተማሪዎቻችሁን ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ስትልኩልን፦ ግልጽ ደብዳቤ

ጎጃም ውስጥ ነርስ ለምታሠለጥኑ የዩኒቨርሲቲና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ኃላፊዎችና መምህራን፣
እንዲሁም ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ።

በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ ነኝ። ለተግባር ልምምድ የምትልኳቸውን የነርሲንግ ተማሪዎች ከሚቀበሉት ባለሙያዎች አንዷ ነኝ። የምጽፍላችሁም ስለ እነሱ ነው።

ተማሪዎቻችሁ የአእምሮ ሕመምተኛን ይፈራሉ። ክፍላችንንም አይወዱትም። ይሄ ሲመጡ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ብዙዎቹ ግን ልምምዱን ጨርሰው ሲሄዱም ያው ናቸው። አንዳንዶቹ እንዲያውም ይዘውት ከመጡት የባሰ ፍርሃት ይዘው ይሄዳሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይመስለኝም። መጀመሪያ የምናሳያቸው ነገር ፍርሃታቸውን ያጸናዋል። ይህን ለማስተካከል አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ በጀቱም ያን ያህል አይደለም። የልምምዱን ቅደም ተከተል መለወጥ ብዙውን ይፈታዋል። በግልጽ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እናንተ ጋ ልምምዱ የሳምንታት ሠንጠረዥ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ እንዲህ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይቆማሉ። ቀድሞ መግባት የሚፈልግ የለም። ሴቶቹ ወንዶቹን ይገፋሉ፣ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ። «ሲስተር፣ ይማታሉ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ስልኩን አውጥቶ ለመቅረጽ የሚሞክርም አጋጥሞኛል። በዚህ መሐል ከገጠር የመጣ ታካሚ ይደርሳል። ሁለት እጁ በጠፍር ታስሯል፤ አራት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘውታል። ከተኛ ሰንብቷል፣ እህልም አልቀመሰም። ይጮሃል፣ ይራገማል። እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ከኋላ ታለቅሳለች። እኛ ጠፍሩን እንፈታለን፣ ውሃ እንሰጠዋለን፣ መርፌ እንወጋዋለን። ተማሪው ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ጋውን ለብሶ ያየው የመጀመሪያው የአእምሮ ሕመምተኛ ይህ ሰው ነው።

የሰውየውን ቀሪ ታሪክ ግን አያየውም። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እንቅልፉ በጥቂት ቀን ይመለሳል። የሚሰማው ድምፅ እስኪደበዝዝ፣ ጥርጣሬው እስኪለቀው ግን ሳምንታት ይፈጃል። ሰውየው ገላውን ታጥቦ፣ ተረጋግቶ፣ «በሬዎቼን ማን ይዟቸው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ተማሪው የለም። ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ አለዚያም ለኤግዚት ኤግዛም እያጠና ነው። መጀመሪያውን አይቶ መጨረሻውን ሳያይ «እብድ አይድንም» እያለ ይመረቃል። ዓይኑ ያሳየው ይህንን ነው። እንዴት ብዬ እፈርድበታለሁ?

እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ የክትትል ክፍል አለን። እዚያ የሚመጡት በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ወረፋቸውን እየጠበቁ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ስለ ጤፍና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ያወራሉ። መምህር አለ። ባጃጅ ነጂ አለ። ቅቤዋን በር ላይ አስቀምጣ፣ መርፌዋን ተወግታ፣ በቀጥታ ወደ ገበያ የምትሄድ ነጋዴ አለች። አንዳንዶቹ መጀመሪያ የመጡት እነሱም በጠፍር ታስረው ነው። ተማሪ እዚያ ገብቶ ቢቀመጥ ታካሚውንና አስታማሚውን መለየት ይቸግረዋል። ይህን ክፍል ግን ተማሪዎች ብዙም አይገቡበትም። «መድኃኒት ማደስ ብቻ ነው፣ ምን ይማሩበታል?» ይባላል።

እኔ ልምምዱ ከዚያ ይጀመር ነው የምለው። የመጀመሪያውን ሳምንት በክትትል ክፍል ያሳልፉ። የተሻላቸውን ሰዎች ይተዋወቁ። እንዴት ታመው፣ ማን አምጥቷቸው፣ መቼ እንደተሻላቸው ከራሳቸው አንደበት ይስሙ። ከዚያ በኋላ የታሰረው ሰው ሲመጣ የሚያዩበት ዓይን ሌላ ይሆናል። ያ ጎልማሳ ከጥቂት ወራት በኋላ አግዳሚው ላይ ሊቀመጥ የሚችል ሰው መሆኑን ያውቃሉ። ይህን ከራሴ ብቻ ያመጣሁት ነገር አይደለም። በአእምሮ ሕመምተኞች መገለል ላይ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ከትምህርታዊ ንግግርና ከፖስተር ይልቅ ታሞ ከተሻለው ሰው ጋር ፊት ለፊት መገናኘት አመለካከትን ይለውጣል።

ፍርሃቱን ተማሪዎቹ ከእናንተ ግቢ አልጀመሩትም። ከየቤታቸው ይዘውት ነው የመጡት። ቢቸና ወይም ደምበጫ ወይም ቲሊሊ ያደገ ልጅ ስለ አእምሮ ሕመም ምን ሰምቶ አደገ? ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው፣ መተት ተደረገበት፣ ዓይነ ጥላ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ሲታመም «አብሾ ጠጥቶ ነው» የሚል አለ። በየከተማው ጨርቁን ጥሎ የሚዞር ሰው አይጠፋም። ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ ይከተሉታል፤ ትልልቆቹ ቆመው ይስቃሉ። ሰው ሲጣላ «አማኑኤል ግባ!» ይባባላል። ልጁ ይህንን ሁሉ ሰምቶ፣ አድጎ፣ ነርሲንግ ይመደባል። የጥቂት ሳምንት ኮርስና ስላይድ ብቻውን ይህን ከውስጡ ያወጣዋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

ባለሙያዎቹ ደግሞ እንጨምርበታለን። ሌላ ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ተማሪዎቹን «ዛሬ እብዶቹ ጋ ናችሁ?» ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ለማሳቅ ብሎ የሕመምተኛን አነጋገር የሚያስመስል መምህር እንዳለም ተማሪዎች ነግረውኛል። የሳይካትሪ ነርስ ስታልፍ «ከነሱ ጋ ውላ ውላ እሷም ልትሆን ነው» የሚል የሥራ ባልደረባ አለ። ተማሪው ይህን ይሰማል። ነገ ቦታ ምረጥ ሲባል ምን ብሎ ነው ይህን ክፍል የሚመርጠው?

ስለ ልጆቹ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰኞ በር ላይ ሲስቅ የነበረው ተማሪ ሐሙስ ወይም ዓርብ፣ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ወደኋላ ይቀራል። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ይላል። እህቱ እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች። አባቱ ብቻውን ማውራት ጀምሯል። ወይም ደግሞ ራሱ ነው፤ ምግብ አልበላ ብሎታል፣ ደረቱን ያስጨንቀዋል፣ መኖር አስጠልቶታል። ለማንም አልተናገረም። እነዚህ ልጆች ያለፉትን ዓመታት ያሳለፉት እዚሁ ነው። ጦርነቱን፣ የመንገድ መዘጋቱን፣ የትምህርት መቋረጡን፣ የዘመድ ሞቱን ይዘው ነው ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት። ሳቃቸው ሁሉ ግዴለሽነት አይደለም። ስለዚህ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት፣ እርዳታ የሚፈልግ ተማሪ ያለ ሐሜት የት መሄድ እንደሚችል ቁልጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው። የሚያናግራቸው ሰውም ማርክ የሚሰጣቸው መምህር አይሁን።

«ሳይካትሪ ውስጥ እኮ ፕሮሲጀር የለም» ይሉኛል። የሠሩት ሥራ እየተፈረመ የሚመዘገብበት ሎግቡካቸው የሚቆጥረው ፕሮሲጀር ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ስንት ካኑላ፣ ስንት ካቴተር፣ ስንት ወሊድ። ሁሉንም ሰው ከሚጠራጠር ታካሚ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ፣ ሳይከራከሩትና ሳያታልሉት አንድ ብርጭቆ ውሃ እንዲጠጣ ማድረግ የሚፈረምበት መስመር የለውም። የተናደደ ሰው አጠገብ የት እንደሚቆም፣ ድምፅን እንዴት ማለዘብ እንደሚቻል፣ በሩን እንዳይዘጉበት መጠንቀቅ፣ ይህ ሁሉ በተግባር የሚለመድ ሙያ ነው። ካልተለማመዱት ፍርሃታቸው ትክክል ነው። አብዛኛው የአእምሮ ሕመምተኛ ማንንም አይነካም፤ መንገድ ላይ የሚደበደበው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ግን የሚማታ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን ደብቀን ተማሪውን ባዶ እጁን አናስገባው።

«መሞት ያምርሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅም እንዲሁ ልምምድ ይፈልጋል። ብዙ ተማሪ ይህን ጥያቄ ይሸሸዋል። «ከጠየቅሁት ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። አይደለም። በርኅራኄና በግልጽ የተጠየቀ ሰው ጥያቄው ወደ ሞት አይገፋውም። ብዙ ጊዜ እፎይ ይላል፤ የሚጠይቀው አጥቶ ነው የቆየው። ተማሪዎች ጥያቄውን ታካሚው በሚረዳው ቋንቋ፣ እርስ በእርስ እየተጠያየቁ ሊለማመዱት ይገባል። በአዊ ዞን ለሚያሠለጥኑት ይህ አዊኛንም ይጨምራል። ከዚያም በተግባር ይፈተኑበት፣ ሎግቡኩ ላይም ይፈረምላቸው። ማርክ የሌለው ነገር ተማሪ ዘንድ ክብር እንደሌለው እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ነርስ በዚህ ሕክምና ውስጥ ያለውን ቦታም ንገሯቸው። ለረጅም ዘመን በአገራችን የአእምሮ ሆስፒታል ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። የጎጃም ሰው ልጁ ሲታመምበት አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ የአባይን በረሃ ይሻገር ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ያው መንገድ እንደገና። ስንቱ ገበሬ ይችለዋል? ይህን መቀየር የጀመሩት ነርሶች ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአማኑኤል ሆስፒታል የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። የሠለጠኑት በየአካባቢው ሆስፒታል ተመድበው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከፈቱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ነው። በመሐሉ ባሉት ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ ታካሚውን መርምሮ መድኃኒት ሲያስጀምር የኖረው በአብዛኛው ነርስ ነበር። ተማሪዎቻችሁ የሚሸሹት ክፍል የገዛ ሙያቸው ያቆመው ነው።

«እኔ ሳይካትሪ አልሠራም» የሚለኝን ተማሪ አልከራከረውም። መብቱ ነው። ግን የትም ቢመደብ እነዚህ ታካሚዎች ወደ እሱ ይመጣሉ።

ሰርጂካል (ቀዶ ሕክምና ክፍል) ይመደብ። እግሩ ተሰብሮ የተኛ ጎልማሳ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ያያል፣ ካኑላውን ነቅሎ ሊሮጥ ይነሳል። «አበደ» ተብሎ አልጋው ላይ ይታሰራል። ሰውየው በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ነበር፤ ሆስፒታል ሲገባ በአንድ ጊዜ ተቋረጠበት። ካልታከመ የሚገድል ነገር ነው። ሲተኛ «አረቄ ትጠጣለህ? በቀን ምን ያህል?» ያለው ነርስ ቢኖር ቀድሞ ይደረስለት ነበር።

ሜዲካል (የውስጥ ደዌ ክፍል) ይመደብ። መተማ ወይም ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ የተመለሰ ወጣት ይቀባዥራል፣ ዘመዶቹን አይለይም። ቤተሰቡ ዛር ነው ይላል፤ እኛ ደግሞ ሳይካትሪ ነው እንላለን። ትኩሳቱን የለካ የለም። ወባው ጭንቅላቱ ደርሷል። ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም በነበረበት ሰው ላይ እንዲህ ሳይመረምሩ ማለፉ ይብሳል። ሆዴን ቢል፣ ደረቴን ቢል «ተነሥቶበት ነው» ይባላል። በቡታጅራ አካባቢ ለ10 ዓመት በተደረገ ክትትል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እያጡ እንደሚሞቱ ታይቷል። ከዋና ገዳዮቹ አንዱ ተላላፊ በሽታ ነበር። ተላላፊ በሽታን ማከም እናውቅበታለን እኮ! ያላወቅንበት የእነዚህን ሰዎች ቃል አምኖ መመርመር ነው።

ወሊድ ክፍል ይመደብ። እናት ከወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ ታጣለች፣ ትለፈልፋለች፣ ልጁን «የኔ አይደለም» ትላለች። በእኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ትራሷ ሥር ብረት ይደረጋል። ብቻዋን አለመተዋ እናትንም ልጅንም የሚያድን ልማድ ነው። ሕመሙ ግን ቀን የሚሰጥ አይደለም፤ ዛሬውኑ መታከም አለበት። ከታከመች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆና ልጇን ታቅፋለች።

ድንገተኛ ክፍል ይመደብ። መርዝ ጠጥታ የመጣች ልጅ ሆዷ እየታጠበ ሳለ «መሞት ከፈለግሽ እዚህ ምን አመጣሽ?» ስትባል ቆሜ ሰምቻለሁ። ተናጋሪዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ደክሟታል፣ ማንም ሌላ አነጋገር አላስተማራትም። ግን አንዴ ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው እንደገና የመሞከር ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው። ያቺ ልጅ ሐኪም ቤት የሰማችውን ይዛ ነው ቤቷ የገባችው። በዚያ ሰዓት አጠገቧ ተማሪዎች ነበሩ፤ እነሱም እንዲህ ነው የሚባለው ብለው ተማሩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጤና ጣቢያ የሚሆነው ነው። አንድ ወጣት ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይጀመርለትና ቤቱ ይሄዳል። በማግሥቱ አንገቱ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋው ይያያዛል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ምን ይበል? «መድኃኒቱ ጋኔኑን አስቆጣው» ይላል። እኔም ባላውቅ ያንኑ እል ነበር። ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ በወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ፕሮሜታዚን ወይም ዲያዜፓም መርፌ ሲሰጠው ብዙም ሳይቆይ ይለቀዋል። ከዚያ ቤንዝሄክሶል ክኒን ይጨመርለታል ወይም መጠኑ ይስተካከላል። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለችው ነርስ ይህን የምታውቅ ከሆነ ልጁ በዚያው ቀን ይድናል፤ ቤተሰቡም በሕክምናው ያምናል። የማታውቅ ከሆነ፣ ወይም ፈርታ ካልቀረበችው፣ መድኃኒቱ ገደል ይገባል። ልጁ ሕመሙ ሲያገረሽ ታስሮ ይመለሳል። ያቺ ነርስ የእናንተ ምሩቅ ናት።

ስለ ጸበል ሳላነሣ ባልፍ ደብዳቤው የጎጃም አይሆንም። ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ ቀድመው ጸበል ሄደዋል። ግሽ ዓባይ የደረሰ አለ፣ የአጥቢያውን ጸበል የተጠመቀ አለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ዓመታት የፈጀ አለ። ተማሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ወገን ሕክምናችንን በልቡ አያምንበትም፤ «ይህ መንፈስ ነው፣ መርፌ ምን ያደርግለታል» ይላል። ሌላው ቤተሰቡን ይቆጣል፤ «ጸበል ስትሉ አዘገያችሁት» ይላል። ሁለቱም ታካሚውን ያርቁታል። የተቆጣናት እናት በሚቀጥለው ወር አትመጣም። ነርሷ መጠየቅ ያለባት ሌላ ነው። ጸበል እየተጠመቀ ነው ወይ? ማታ ነው ጠዋት? ታስሮ ነው? ይበላል? በሁዳዴ እስከ ስንት ሰዓት ይጾማል? እንግዲያው መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ይውሰድ? ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው መሄድ እንደሚችሉ የሚመክሩ ካህናትና አጥማቂዎች አሉ። ከነሱ አንዱን ክፍል ጋብዛችሁ ከተማሪዎቹ ጋር ብታነጋግሩ ከብዙ ስላይድ ይበልጣል። ሰው ማሰርን በተመለከተ ግን ለዘብ ማለት የለብንም። ሰንሰለት ያቆሰለውን እጅ ያጠበ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ያውቃል።

ለጤና ቢሮው የምለው አጭር ነው። ተማሪ «አይድኑም» የሚለው አንዱ ምክንያት መድኃኒት ሲቋረጥ ስለሚያይ ነው። የፍሉፌናዚን መርፌ ከመጋዘን ሲጠፋ፣ በወር አንዴ ተወግቶ በሰላም ሲያርስ የነበረው ሰው ይታመማል። ተማሪው የሚያየው ማገርሸቱን ነው፤ መጋዘኑን አያይም። እነዚህ መድኃኒቶች እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር መድኃኒት በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጡ እንዲገኙ አድርጉ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃ አስቀድሞ እንዲሰጥ ፍቀዱ። በክፍሉ የሚሠሩ ነርሶች ተማሪ ማሠልጠናቸው እንደ ሥራ ይቆጠርላቸው። አሁን የሚያሠለጥኑት ከታካሚ በሚተርፋቸው ጊዜ ነው፤ የሚተርፍ ጊዜ ደግሞ የለም።

ወደ እናንተ ልመለስ። ተማሪዎቹን በአንድ ጊዜ ብዙ አድርጋችሁ አትላኩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የታመመ ሰው በነጭ ጋውን ተከቦ ሲታይ ትምህርት አይሆንም፤ ለእሱ ውርደት ነው። ጥቂት ጥቂት ሆነው ይምጡ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ታካሚ ይያዝ። ሲገባ ይቀበለው፣ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገር፣ ሲወጣ ይሸኘው፣ ልምምዱ ካለቀ በኋላም ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሲመጣ ለአንድ ጠዋት ፈቅዳችሁለት ተመልሶ ይየው። ይህች አንድ ጠዋት ለእኔ ከሁሉ ትበልጥብኛለች። አብሯቸው የምትልኩት መምህርም ፊርማ ሰብስቦ የሚመለስ አይሁን። ታካሚ አጠገብ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ፣ ተማሪዎቹ እያዩት «እንዴት አደርክ ወንድምዓለም?» ብሎ የሚጀምር ሰው ይሁን። ከመምህሩ የሚወስዱት አቀማመጡን ጭምር ነው።

እኛ በበኩላችን ዝግጅት ጀምረናል። ከክትትል ታካሚዎቻችን መካከል ታሪካቸውን ለተማሪዎች ለመንገር ፈቃደኛ የሆኑ አሉ። የጠየቅናቸው ሲሻላቸውና ሳይጨናነቁ ነው፤ እምቢ ያሉትንም አመስግነን ትተናል። ፈቃደኛ የሆኑት ከሥራቸው ቀርተው ስለሚመጡ የትራንስፖርትና የውሎ ገንዘባቸውን እናንተ ብትሸፍኑ ተገቢ ነው። ሌላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተማሪዎቹ ስልክ ውጭ ይቅር ብለዋል። ቀጣዩ ባች ከመምጣቱ በፊት ተገናኝተን ፕሮግራሙን አብረን እንድናወጣ ቀን ቆርጣችሁ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት የሳይካትሪ ነርስ
ምሥራቅ ጎጃም